ሳይቆፈር የቀረው የዘውዱ ድርሻ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የአስተዳደር ክፍሉ ልጅ የሥራ ዘመኔን በአንድ ወረቀት ላይ ደምሮ ሰጠኝ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ማዘጋጃ ቤት በቋሚነት ከተቀጠርኩበት ቀን ይጀምራል።

«ከዚያ በፊት ያለውስ?» አልኩት።

«ከዚያ በፊት የት ነበሩ እማማ?»

«ዶሮ ማነቂያ። ቦይ ስቆፍር፣ ድንጋይ ስሸከም።»

«ደመወዝ ይከፈልዎት ነበር?»

«ስንዴ ነበር የሚሰጠን። ስንዴና ዘይት።»

ልጁ ፈገግ አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ሻይ ሁሉ አዞልኛል። «ስንዴ ለጡረታ አይቆጠርም እማማ» አለኝ።

አይቆጠር እንግዲህ፣ ምን አደርጋለሁ? ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ደሜ ፈላ። ሥራ የሚባለውን ነገር የተማርኩት በዚያ በማይቆጠረው ዘመን ነው። የድንጋይ አያያዝ፣ የሰው አያያዝ ያኔ ነው ያወቅኩት፤ የአፍ አያያዝም ሊያስተምሩኝ ሞክረው ነበር፣ እሱ አልሆነም። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመኔ የማንም ሠራተኛ ዘመን ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ሥላሴ በሚወስደው መንገድ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ድንጋይ አስደርድሬያለሁ፤ ፒያሳ ውስጥ ያልከፈትኩት የፍሳሽ ክዳን የለም፤ አለቃ መጥቶ አለቃ ሄዷል። አንዱ ሲጮህ ይውል ነበር፣ አንዱ በስብሰባ ፊት አመሰገነኝ፣ አንዱ ስሜን እንኳ ሳይዘው ተዛወረ። ስለ እነሱ የምለው ብዙ የለኝም። እኔ የማወራው ስላልተቆጠረው ነው።

ዘመኑ የደርግ ነበር። የምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ተዘግቶ እናቴ ቤት ቁጭ ብያለሁ። እናቴ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሽንኩርት ትቸረችራለች፤ ሽንኩርቱም እየጠፋ፣ ገዢውም እየጠፋ ነበር። በዚህ መሃል ቀበሌ ስብሰባ ጠራ። ሊቀመንበሩ ጓድ ታደሰ ካኪውን ለብሶ ቆመና የእርዳታ ስንዴ ሊመጣ መሆኑን ነገረን። ሰዉ ሊያጨበጭብ ሲል እጁን አነሳ።

«ቆይ! በነፃ አይደለም። ጤነኛ ጎልማሳ የሆነ ሁሉ ይሠራል። ወሩን ሙሉ ሠርቶ የተሰጠውን የጨረሰ ስንዴውን ይወስዳል፤ ያልጨረሰ አይወስድም።»

«በሽተኛስ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«በሽተኛና ሽማግሌ ለብቻ ይመዘገባል። ለሠራተኛው ታድሎ ከተረፈ ይሰጠዋል።»

ከተረፈ! የዶሮ ማነቂያ ሰው ይቺን ቃል ሲሰማ ወዲያው ገባው። መቼ ነው ተርፎ የሚያውቀው? በማግስቱ ምዝገባ ላይ ከዓመት በፊት አልጋ የያዘው ሁሉ ተነስቶ መጣ፤ ምርኩዙን ቤቱ ጥሎ፣ ደረቱን ነፍቶ። ያን ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ በሽተኛ ጠፋ። ስንስቅበት ከረምን።

ሥራው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ከፒያሳ ላይ የሚወርደው ውኃ በቤቶቻችን መካከል እየተገፋፋ ያልፋል፤ አልጋ ያንሳፍፋል፣ ምድጃ ያጠፋል። እንግዲህ ከላይ ጀምሮ እስከ ወንዙ ድረስ ቆፍረን፣ ጎኑን በድንጋይ ገንብተን ልናወርደው ነው። ካቦ ሆነው፣ ማለት የሠራተኞች አለቃ ሆነው፣ የተሰጡን ጋሽ ሐጎስ ነበሩ።

ጋሽ ሐጎስ ከትግራይ በልጅነታቸው መጥተው ፒያሳ ውስጥ ከጣሊያን ግንበኞች ሥር ሥራ የለመዱ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው፤ ሲቆጡና ሲያዝኑ ብቻ ትግርኛው ይመጣል። እኔን ከመጀመሪያው ቀን «ጓለይ» ነው ያሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ትንንሽ ምልክቶች የተቀረጹበት አንድ የወይራ ዘንግ ነበራቸው፤ የቦዩን ስፋትም ጥልቀትም በእሱ ነው የሚለኩት። ለግንብ የመጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያገኙትን ሰው ያስነሱታል። «ወንበር አይደለም» ይላሉ። እያንዳንዱን ድንጋይ በመዶሻ ጫፍ መታ አድርገው ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ድምፁ ከጠራ ያልፋል፤ ከደነቆረ ውስጡ ተሰንጥቋል ማለት ነው፣ ለመሙያ ይሆናል። እኔም ለመድኩት። እስከ ዛሬ ሱቅ ገብቼ ሰሃን ስገዛ አንኳኩቼ ነው፤ ባለሱቆቹ ይሳደባሉ።

ከሁሉ በላይ ግን የሰው አጣማመራቸው ነው። ድንጋዩን የምናጓጉዘው በባሬላ ነበር፤ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ የሚሸከመው ባለ አራት እጀታ የእንጨት ቃሬዛ። ጋሽ ሐጎስ መጀመሪያ ሁላችንንም ባዶ እጃችንን ከፊታቸው አስኬዱን። ቁመታችንን አዩ፣ እርምጃችንን አዩ። ከዚያ ጥንድ ጥንድ አደረጉን። ቁመቱ ካልገጠመ ሸክሙ ሁሉ አጭሩ ላይ ይንሸራተታል፤ እርምጃው ካልገጠመ ባሬላው ይወዛወዝና ወገብ ይቆርጣል። ቁልቁል ስትወርዱ በጥቂትም ቢሆን የሚረዝመው ፊት ይሁን አሉ። ኋላ ያለው እግሩን ስለማያይ ፊት ያለው በአፉ ይንገረው፤ «ጉድጓድ»፣ «ድንጋይ»፣ «ዞር»። ማዘጋጃ ቤት ከገባሁ በኋላም ሠራተኛ ያጣመርኩት እንደዚያው ነው።

የእኔ ጥንድ ዘውዱ ሆነ። ዘውዱን ፒያሳ የማያውቀው አልነበረም። ሰዓት እላፊ ታውጆ ቡና ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ባንኮኒ ጀርባ ነበር ሥራው፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ክራቫት፣ የተለሰነ ፀጉር። ቁፋሮም ሲመጣ ያንኑ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፤ አንገቱ ሁለቴ የተገለበጠ ሸሚዝ። ሚስቱ አመለወርቅ ሁለት ሴት ልጆች ይዛ እዚያው ቦዩ በሚያልፍበት ረድፍ ላይ ትኖራለች። ልጆቹ ትንንሽ ናቸው፤ ቤቱ ከዚያ ስንዴ ሌላ የሚገባለት አልነበረም።

ውኃ የሚያድለን እሱ ነው፤ ማንም ሳያዘው። በአንድ እጁ ጣሳውን ይዞ፣ ሌላውን እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ጎንበስ ይልና፣

«ማኪያቶ ወይስ ጥቁር?» ይላል።

«ማኪያቶ፣ አረፋው በዛ ያለ» እለዋለሁ።

«ለእመቤቲቱ አረፋ!» ብሎ የቧንቧ ውኃውን ይሰጠኛል። ጭቃ ውስጥ ቆመን እንስቃለን። ጋሽ ሐጎስ ብቻ ናቸው የማይጫወቱለት። «ውኃ» ይላሉ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው። ዘውዱ ግን አንድም ቀን ሳይጠይቃቸው አልቀረም።

ያስል ነበር። እኔም ሰምቻለሁ፣ ሁሉም ሰምቷል። ድንጋይ ሲፈለጥ በሚቦነው አቧራ ሁላችንም እናስል ስለነበር የሱ ሳል ከእኛ ሳል የተለየ አልመሰለንም።

ከጓድ ታደሰ ጋር ያጣላን በዓል ነው። እኛ ሰፈር በማርያም፣ በሚካኤል፣ በጊዮርጊስ ቀን መሬት አይቆፈርም፤ አለቀ። ጓድ ታደሰ ደግሞ ዕቅድ አለበት። ሲለምን፣ ሲያስፈራራ፣ ስንዴ እቀንሳለሁ ሲል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ዝም ብለው ያዩታል።

«ጓድ፣ ቀንስ» አለችው እናቴ አንድ ቀን። «በማርያም ቀን ቆፍሬ ያገኘሁት ስንዴ ጉሮሮዬ አይወርድም።»

ጋሽ ሐጎስ መሃል ገብተው አስታረቁን። በበዓል ቀን አካፋ አይነሳም፤ ሰው ግን ይመጣል፤ ሲባጎ ይወጥራል፣ ድንጋይ ይመርጣል፣ መሣሪያ ይቆጥራል። የቀረውን ቁፋሮ በሌላ ቀን እናካክሳለን። ሥራው በቡድን ስለሚለካ ይቻል ነበር። ጠንካራው የደካማውን ይሸፍናል፣ ማታ ጋሽ ሐጎስ ጠቅላላውን በዘንጋቸው ይለካሉ፣ ያው ሞልቶ ይገኛል።

ጓድ ታደሰን ግን ይኼ አልጣመውም። ወይም ከላይ ተቆጥተውት ይሆናል፤ እሱም አለቃ ነበረው። አንድ ጠዋት መጣና «በቡድን ውስጥ መደበቅ ቀርቷል» አለ። ቦዩ በችካል ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ድርሻ ይሰጠው። ሁሉም የራሱን ቆፍሮ ይጨርስ። አንዱ የሌላውን ድርሻ ቢነካ የሁለቱም አይያዝላቸውም።

ጋሽ ሐጎስ ተከራከሩ። «መሬት አንድ አይደለም ጓድ። አንዱ አመድ ይደርሰዋል፣ አንዱ አለት።»

«ዕጣ ይጣል።»

ዕጣ ተጣለ። ዘውዱ እጁን አውጥቶ ሲያይ የራሱ በር ፊት ያለው ድርሻ ደረሰው። ሳቀ። «ቤቴ ቁጭ ብዬ ልሠራ ነው!» አለ። ጋሽ ሐጎስ ቦታውን በዲጂኖ ወጋ ወጋ አደረጉት። ከሥሩ ጥቁር ድንጋይ ነበር።

ጠዋት ጠዋት የየራሳችንን እንቆፍራለን፣ ከሰዓት በባሬላ ድንጋይ እናወርዳለን። የኔ መሬት ለስላሳ ስለነበር ቀድሜ ጨረስኩ። የዘውዱ ግን ይጫራል እንጂ አይወርድም። ሄጄ ላግዝህ ብለው «ተይ፣ የሁለታችንም ይሰረዛል» አለኝ። እውነቱን ነው። አመለወርቅ በር ላይ ቆማ ታየዋለች፤ እሷም ዶማ ልትይዝለት አልተፈቀደላትም። ነጩ ሸሚዝ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ጋሼ፣ ታመምኩ ብለህ ለምን አትመዘገብም?» አልኩት።

«የተረፈውን ለመብላት?» አለና እንደገና ዲጂኖውን አነሳ።

ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት ላይ፣ ባሬላ ይዘን ቁልቁል እየወረድን ነበር። እኔ ፊት ነኝ። «ድንጋይ» አልኩ፤ «ድንጋይ» አለ ከኋላዬ። «ዞር» አልኩ፤ አልመለሰም። ከዚያ ኋላዬ ያለው ጎን ዝም ብሎ ወረደ፤ እጀታው ከእጄ ሊያመልጥ ሲል ያዝኩት።

«ማኪያቶው ተደፋ እኮ ጋሼ!» ብዬ ስቄ ዞርኩ።

በጉልበቱ ነበር የተቀመጠው። ከአፉ የወጣው ደም ሸሚዙ ላይ ፈሷል። ድንጋዩን ገለበጥነውና በዚያው ባሬላ ተሸክመን ወደ ክሊኒክ ሮጥን። ፊት ጋሽ ሐጎስ ያዙ፤ እሳቸው ባሬላ ሲይዙ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ ዘውዱ አልቆ ነበር።

ጋሽ ሐጎስ ክሊኒኩ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ አለቅሳለሁ።

«ያ ሳል የድንጋይ አቧራ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ስንት ግንበኛ ቀብሬያለሁ ጓለይ። የሳንባ ሳል ከአቧራ ሳል ይለያል፣ አውቀዋለሁ። ይኼን ግን አላዳመጥኩትም።» ከዚያ በትግርኛ ለራሳቸው የሆነ ነገር አሉ። አልጠየቅኳቸውም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ግንብ ሲፈርስ፣ ቱቦ ሲፈነዳ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያለ ውድቀት ግን አላየሁም። ቦዩ ለሰው ተብሎ ነበር የሚሠራው።

ዘውዱ እድር አልነበረውም። ነበረው፤ ሥራ ሲፈታ መዋጮ ማዋጣት አቃተውና ተሰረዘ። ስለዚህ መቃብሩን የምንቆፍርለት እኛ ነን። ጓድ ታደሰ ይኼን ሰምቶ ማታውኑ መጣ። «ነፍስ ይማር» አለ፣ ከልቡ ነው። ቀጥሎ ግን፣ «ነገ ከእርዳታ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ይመጣል። ሥራ ቦታ ላይ ያልተገኘ ጉዳዩን ራሱ ያውቃል። ጥቂት ሰው ወደ ቀብር ሂዱ፣ ሌላው ይቅር» አለ።

ማን ይቅር? ከቀብር ቀርቶ ቦይ ሲቆፍር የሚውል ሰው ዶሮ ማነቂያ ላይ አልተወለደም። በማግስቱ ሁላችንም አካፋና ዲጂኖአችንን ይዘን ወደ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ወጣን። ቦዩ ላይ ከችካሎቹ በቀር ማንም አልቀረም።

መሬቱ እዚያም ደረቅ ነበር። እየተቀያየርን ቆፈርን። አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍትሐት እየተደረገለት ነው። አመለወርቅ ልጆቿን ግራና ቀኝ ይዛ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀምጣለች። ጉድጓዱ ሊያልቅ ሲል አንድ ካኪ የለበሰ ወጣት ቦርሳ ይዞ በመቃብሮቹ መካከል መጣ። ላብ አጥምቆታል። ድልድዩ ጋ ያሉ ነጋዴዎች ናቸው የጠቆሙት።

«የዶሮ ማነቂያ ሠራተኞች እናንተ ናችሁ?»

«ነን» አሉ ጋሽ ሐጎስ።

ቆቡን አወለቀ። «ነፍስ ይማር።» ስሙ ጓድ ሰለሞን ነበር። ጉድጓድ ሲቆፈር የደረሰ ሰው ዝም ብሎ አያይም፤ ጋሽ ሐጎስ አካፋ ዘረጉለት። ቦርሳውን ሣር ላይ አስቀምጦ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። ቢሮ የዋለ እጅ ቢሆንም ቆፈረ። ተራውን ጨርሶ ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለጋሽ ሐጎስ፣

«አባባ፣ ሥራ ቦታው ባዶ ነው። ዛሬን አልሠሩም ብዬ ከመጻፍ ሌላ ምርጫ የለኝም» አላቸው።

«ጻፍ።»

«ሟቹም ድርሻውን አልጨረሰም። የሱ ስንዴ አይወጣም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።»

ዝቅ አድርጎ ቢናገርም አመለወርቅ ሰምታለች። አልጮኸችም። የትንሿን ልጇን ጭንቅላት ወደ ጭኗ ሳብ አድርጋ ጆሮዋን በመዳፏ ሸፈነችባት። ይኼን ሳይ ምላሴ አላረፈልኝም።

«ምን ጎደለው?» አልኩ። «ቁፋሮ አይደል የጎደለው? ይኸውልህ ቁፋሮ! በስሙ የተቆፈረ፣ እሱ የሚተኛበት፣ አንተም የቆፈርክበት። ለካው!»

ሰዉ ሁሉ ደነገጠ። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እኔም ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ጋሽ ሐጎስ የሚቆጡኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ዘንጋቸውን ይዘው ቀስ ብለው ጉድጓዱ ውስጥ ወረዱ። ርዝመቱን ለኩ፣ ወርዱን ለኩ፣ ጥልቀቱን ለኩ።

«ከጎደለው ይበልጣል» አሉ ከታች ሆነው።

ጓድ ሰለሞን ወደ ታች አያቸው። «መቃብር ዕቅድ ውስጥ የለም አባባ።»

«እኔም በዕድሜዬ መቃብር በሥራ ቆጥሬ አላውቅም። ዛሬ ግን ለልጆቹ ስል እለምንሃለሁ።»

ጋሽ ሐጎስ ሲለምኑ ሰምቼ አላውቅም። ጣሊያኖቹንም አልለመኑም፣ ጓድ ታደሰንም አልለመኑም። ጓድ ሰለሞን እጁን ዘርግቶ ከጉድጓዱ አወጣቸው፤ ወዲያው አስከሬኑ መጣ። አፈር አልብሰን ተመለስን። ልቅሶ ቤት ስንዴ አልነበረም፤ ሰዉ ሁሉ ከየቤቱ ካለፈው ወር ከተረፈው እፍኝ እፍኝ አምጥቶ ንፍሮ ተቀቀለ። የአመለወርቅን ጓዳ ማንም እንዳይነካ እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። የሚነካም አልነበረበትም።

ስንዴው የሚታደልበት ቀን ቀበሌ ግቢ ተሰለፍን። ጓድ ታደሰ ስም ይጠራል። አመለወርቅ ጥቁሯን ለብሳ፣ ባዶ ጆንያ አጣጥፋ በብብቷ ይዛ ከአጥሩ አጠገብ ቆማለች። አልጠሯትም፤ ግን ቤት ሆና መጠበቅ አልቻለችም። ለእኔ ስንዴው ሲሰጠኝ ዘይቱ ቀረ። «የቀብሩ ቀን ነው» አለኝ ጓድ ታደሰ። የሁላችንንም ዘይት ቆርጦብናል ያ ተቆጣጣሪ። እኔ ሆዬ እዚያው እርግማን ጀመርኩ።

ጓድ ታደሰ ቀጠለ። አንድ ስም ጋ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዘውዱ» አለ። ቀና ብሎ ተመለከተን። «ሙሉ።»

አመለወርቅ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። እናቴ ናት ገፋ ያደረገቻት። ጆንያውን ዘርግታ ስንዴው ሲሞላ ሳይ እርግማኔን ተውኩት።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ዘውዱ ጨርሷል ከተባለ ድርሻው ተቆፍሯል ማለት ነው። የተቆፈረ ቦታ ላይ ሌላ ሰው መድበው ስንዴ ሊከፍሉ አይችሉም። ቦዩ ከላይ ተገንብቶ መጥቷል፣ ከታችም እስከ ወንዙ አልቋል፤ መሃል ላይ፣ አመለወርቅ በር ፊት፣ ያ ጥቁር ድንጋይ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ክረምቱ ሲገባ የፒያሳ ውኃ ሁሉ ተሰብስቦ እዚያ ይደርስና የሚሄድበት ሲያጣ በሷ ቤት ይገባል። ጋሽ ሐጎስ ለጓድ ታደሰ ነገሩት። ጭንቅላቱን ይዞ፣ «ምን ላድርግ? አልቋል ተብሎ ተልኳል» አለ።

ሰማዩ መጥቆር ጀምሮ ነበር። የሥራ ቀን ሁሉም በሌላ በተጀመረ ቦይ ላይ የራሱ አዲስ ድርሻ አለው፤ ከዚያ ቢጎድል የራሱ ልጅ ይራባል። የሚተርፈን ቀን በዓል ብቻ ነው።

ጋሽ ሐጎስ ማንንም አላዘዙም፤ ለእኔም አልነገሩኝም። በማርያም ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከዘውዱ ድርሻ በኩል የዲጂኖ ድምፅ ሰማሁ። እሳቸው ናቸው፤ ኮታቸውን አውልቀው ለብቻቸው አለቱን ይመታሉ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና አካፋ አነሳሁ። እናቴ መጣች፤ ያቺ ጉሮሮዬ አይወርድም ያለችው እናቴ። ከዚያ አንድ ሁለት እያለ ሰፈሩ ሞላ። መቋሚያውን ጥሎ ዲጂኖ የያዘ ሁሉ ነበር።

ጓድ ታደሰ ድምፁን ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

«እንዴ! በማርያም ቀን አንቆፍርም ብላችሁ ስንት ጊዜ አቃጥላችሁኛል!»

«ይኼ ሥራ አይደለም» አሉት ጋሽ ሐጎስ፣ ቀና ሳይሉ። «ለነፍሱ ነው።»

«ስንዴ የለውም፣ ቀድማችሁ እወቁት።»

«እናውቃለን» አለች እናቴ።

ጓድ ታደሰ ወደ አመለወርቅ በር አየ፣ ወደ እኛ አየ። ከዚያ መጥቶ የመጨረሻውን ችካል ነቀለና ዳር ላይ ጣለው። ተመልሶም ሄደ።

ከሰዓት ላይ አለቱ ተሰነጠቀ። ጋሽ ሐጎስ ፍላጩን መታ አድርገው ጆሯቸውን አዘነበሉ፣ «ለግንብ ይሆናል» አሉ። ለጥቂት አረፍ አልን። ከልቅሶው ወዲህ ከቤት ያልወጣችው አመለወርቅ በሯን ከፍታ ወጣች። በአንድ እጇ ጣሳ ይዛለች። ሌላውን እጇን ወደ ኋላ አድርጋ መጀመሪያ የመጣችው ወደ እኔ ነው። ጎንበስ አለች።

«ማኪያቶ ወይስ ጥቁር?» አለችኝ።

እኔ መልስ አጥቼ የማላውቀው ሴትዮ መልስ አጣሁ። ጣሳውን እያየሁ ቀረሁ። አመለወርቅ እንደጎነበሰች ነው፤ ቀና ማለት አልቻለችም።

ጋሽ ሐጎስ ከቦዩ ውስጥ እጃቸውን ዘረጉ።

«ማኪያቶ ስጪኝ ጓለይ» አሉ። «አረፋው በዛ ያለ።»

ጣሳውን ተቀብለው አንድ ጠብታ ሳያስቀሩ ጠጡት። ከዚያ አፋቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና ዲጂኖውን አነሱ፤ እኛም ተነሳን።